ጉበቷ ላይ የተገኘው ዕጢ ስሙ እስኪታወቅ

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት እህታችን ነው። ስሟን አልጠራም፣ የምትሠራበትን ቤትም አልናገርም፣ እሷ ራሷ ግን "ጻፊው፣ እንደኔ የምትጨነቅ ልጅ ትኖራለች" ብላኛለች። ትንሽ ይረዝማል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። የሕክምና ቃል ሲመጣ አትሽሹ፤ እኔም አስረኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ ነኝ፣ እስኪገባኝ እየጠየቅኩ ነው የያዝኩት።

የምሠራው ዱባይ፣ አል ራሺዲያ ነው። ማዳሜ ሱዳናዊት ሐኪም ናት፣ ዶክቶራ ነው የምላት። ሐኪም ስላችሁ በሽተኛ የምታይ እንዳይመስላችሁ። የእሷ ሥራ ከሰው ሰውነት ተቆርጦ የመጣን ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይታ "ይህ እንዲህ የሚባል በሽታ ነው" ብሎ ስም መስጠት ነው። ፓቶሎጂስት ይባላሉ። በሽተኛው ፊቷን አያይም፣ እሷም የእሱን አታይም፣ ቀዶ ሐኪሙ ግን የእሷን ወረቀት ሳያይ ብዙ ጊዜ ቢላ አያነሳም። ቤት ውስጥም አንድ ማይክሮስኮፕ አላት። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ፣ የሚታይበትን መስታወት ግን በጨርቅ እንዳልነካው አስጠንቅቃኛለች፤ ለብቻው ወረቀት አለው። እኛ ትምህርት ቤት አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት። ስለ ሴል ስንማር መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳየን እንጂ አንድም ቀን አላየንበትም።

እህታችን ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ነው የምትሠራው። ባቃላ ስንላክ ተገናኝተን፣ የወሎ ልጅ መሆኗን በአነጋገሯ አውቄ፣ ከዚያ ወዲህ እህቴ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አገር ቤት እናቷ ጋ የተወቻት የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ከረመዳን በፊት ጀምሮ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቷ ሥር ይከብዳታል። "ጨጓራ ነው" ትላለች። እኛ ሁሉ ነገራችን ጨጓራ አይደል? ረመዳን ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ቻለችው። ከኢድ በኋላ ሳሎን ስትወለውል ጎንበስ ብላ መነሳት ሲያቅታት ወሰዷት።

አልትራሳውንድ ሲያነሷት ጉበቷ ላይ ስድስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዕጢ ተገኘ። ወረቀቱ ላይ ከሥር በትንሹ ኩላሊቶቿም ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ እንዳለ ተጽፏል፣ ግን ያኔ ማንም ስለ ኩላሊት አላወራም። ጉበት ሲባል ሰው ሌላውን አይሰማም። ማዳሟ እዚያው መኪና ውስጥ "ካንሰር ከሆነ ቲኬት ቆርጬ እልክሻለሁ፣ አገርሽ ገብተሽ ታከሚ" አለቻት። በቃ። ማታ ስትደውልልኝ ስለ ሞት አላወራችም፤ "ቤቱ ጣራው ገና አልተመታም፣ በምን ልግባ?" ነው ያለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ስንመጣ ያደረግነው ሜዲካል ደም ይወስዳል፣ ደረት ያነሳል፤ የሚፈልገው ኤችአይቪን፣ ቲቢን፣ ሄፓታይተስን፣ እርግዝናን የመሳሰለውን ነው። "ሜዲካል አልፌያለሁ፣ ጤነኛ ነኝ" ማለት ኩላሊትና ጉበቴ ታይቷል ማለት አይደለም። ደግሞም በ2022 የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 9 የሚባለው፣ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጠናል፤ የመጀመሪያው 15 ቀን ከነደመወዙ፣ ሌላው 15 ያለ ደመወዝ። ዱባይ ውስጥ ኢንሹራንስ ማስገባት የአሠሪ ግዴታ ከሆነም ቆይቷል። እህታችን ይህን ስታውቅ ቲኬቱን ለጊዜው አስቆመችው። "ውጤቱ ይምጣና እሄዳለሁ" አለች።

ከዚያ በመርፌ ከጉበቷ ናሙና ወሰዱ። ናሙናው ሲወጣ አይታዋለች፣ "እንደ ቀጭን ፓስታ ነው" ነው ያለችኝ፣ እሱም የተቆራረጠ። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጣ። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። እኔ የገባኝ "ጉበት" የሚለውና "ጡንቻ" የሚለው ብቻ ነው። ጉበት ውስጥ ጡንቻ ምን ይሠራል? አልኩ።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ዶክቶራን ጠየቅኳት። መጀመሪያ ፊቷ ከበድ አለ። "ያ ቢንቲ፣ መስታወቱን ሳላይ በወረቀት ፎቶ ምርመራ አልሰጥም፣ በሽተኛዋም የኔ አይደለችም" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሥራዋ ነው። ግን ወረቀቱ የሚለውን ልታስረዳኝ ተስማማች። የሚለው እንዲህ ነው፦ ናሙናው ውስጥ የታዩት ሴሎች ለስላሳ ጡንቻ ይመስላሉ፣ ክፉ ይሁን ደግ በዚህ ብቻ አይታወቅም፣ ተጨማሪ ማቅለሚያ ይሠራ፣ የበሽተኛዋ ሙሉ ታሪክ ይላክልን። እህታችን ግን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሰማችው "የጡንቻ ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ከጉበቷ ሰፋ ያለ ክፍል ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል" የሚለውን ነበር።

ለስላሳ ጡንቻ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ባልዲ የምናነሳበት የክንድ ጡንቻ በእኛ ትእዛዝ ነው የሚሠራው። ሳናዘው የሚሠራ ሌላ ጡንቻ አለ፤ አንጀታችንን የሚያንቀሳቅሰው፣ የደም ሥራችንን የሚያጠብና የሚያሰፋው፣ ምጥ ሲመጣ ማህፀንን የሚገፋው። እሱ ነው ለስላሳ ጡንቻ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ማዮማ ማህፀን ላይ የሚወጣ የለስላሳ ጡንቻ ዕጢ ነው። ማህፀን ራሱ ጡንቻ ስለሆነ እዚያ መውጣቱ አይገርምም። ጉበትና ኩላሊት ውስጥ ግን ይህ ጡንቻ ያለው በደም ሥሮች ግድግዳና በመሳሰሉት ትንንሽ ቦታዎች ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ ዕጢ ሆኖ ሲገኝ ፓቶሎጂስቷ ቆም ትላለች። "ብርቅ ነገር ነው፣ ብርቅ ነገር ደግሞ ያታልላል" አለችኝ ዶክቶራ።

ከተማሪነቷ ጀምሮ ያስቀመጠችው የመስታወት ሳጥን አላት፣ ስም የለበትም፣ ለማስተማሪያ ነው። አንዱን አውጥታ "ሹፊ" አለችኝ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነው ያየሁት! ከዚያ ዓይኔ ሲለምድ ሮዝና ሐምራዊ የሆነ ነገር መጣ፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ይመስላል። እንዴት እንደሚሠራም ነገረችኝ። ቁራጩ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል እንዳይበሰብስ። ከዚያ ውሃው በአልኮል ይወጣለትና ሰም ውስጥ ይቀበራል፣ እንደ ጧፍ ይደርቃል። በጣም ስለታም በሆነ መሣሪያ ይላጣል፤ ስስነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ ክፍል ሦስት ወይም አራቱ ነው፣ የራስ ፀጉራችን ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ይንሳፈፍና በመስታወት ይጠለፋል። ከዚያ ቀለም። ሐምራዊው ቀለም ሄማቶክሲሊን ይባላል፣ ከማዕከላዊ አሜሪካ ዛፍ ግንድ ነው የሚወጣው፤ የሴሉን ፍሬ ያቀላል። ሮዙ ደግሞ የቀረውን።

የለስላሳ ጡንቻ ሴል ረዘም ብሎ ጫፍና ጫፉ የቀጠነ ነው፤ እንዝርት ነው ቁርጥ። "በኛ ቋንቋ ጥጥ የሚፈተልበት ዕቃ ነው የሚመስለው" ስላት ሳቀች፣ ለካ እነሱም በእንግሊዝኛው በዚያው ዕቃ ስም ነው የሚጠሩት። እንዝርቶቹ በነዶ በነዶ ሆነው አንዱ ነዶ በአንዱ ላይ ያቋርጣል።

ችግሩ እንዝርት የሚመስል ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ዶክቶራ አንድ ለእናቱ የሆነ ነገር ከማለቷ በፊት የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ከሌላ ቦታ የመጣ ይሆን? ሴት ከሆነች ማህፀኗ ይታያል፣ ጨጓራና አንጀቷም ይታያል፤ የጨጓራ አንድ ዓይነት ዕጢ እንዝርት መስሎ ጉበት ላይ ይሰራጫል፣ ለእሱ ሲዲ 117 የሚባል ማቅለሚያ አለው። ክፉው የጡንቻ ካንሰር ይሆን? ያ ከሆነ ሴሎቹ ሲከፋፈሉ ብዙ ይያዛሉ፣ ፍሬያቸው ቅርጹ ይበላሻል፣ መሀል መሀል ላይ የሞተ ሥጋ ይታያል። የበሽታ መከላከል አቅሟ የወረደ ነው ወይ? ኤችአይቪ ባለባቸው ልጆችና አካል በተተከለላቸው ሰዎች ላይ ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ የለስላሳ ጡንቻ ዕጢ እንደሚያመጣ በ1995 እ.ኤ.አ. ተጽፏል፣ ጉበት ላይም ይወጣል። ቫይረሱም በራሱ ምርመራ መስታወቱ ላይ ይፈለጋል። የእህታችን ግን ኤችአይቪ ነፃ ነው፣ የተተከለላትም ነገር የለም፣ ማህፀኗም ንጹሕ ነው ተብሏል።

ከዚያ ዶክቶራ ድንገት ወደ እኔ ዞራ፣ "ጓደኛሽ ፊቷ ላይ ምን አላት?" አለችኝ።

እኔ ደነገጥኩ። ምክንያቱም አላት። አፍንጫዋ ዙሪያና ጉንጮቿ ላይ ቀላ ያሉ ትንንሽ እብጠቶች አሉ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። እኛ ብጉር ነው የምንለው። ከዴራ ያልገዛችው ክሬም የለም፣ አንዱም አልነካውም። "ልጅ ሆና ይጥላት ነበር?" አለች ቀጥላ። ይህንን አላውቅም ነበርና እዚያው ደወልኩላት። ዝም አለች። ከዚያ "ማን ነገረሽ?" አለችኝ። እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ይጥላት ነበር። አንዱ ቡዳ ነው ሲል፣ አንዱ ጋኔን ነው ሲል፣ ጸበልም ሄዳ፣ በኋላ በራሱ ተወት ስላደረጋት ቤተሰቡ ዳግም ላያነሳው ተስማምቶ ነው የኖረው። እንዳይወራባት፣ ባል እንዳታጣ። ጭኗ ላይ ደግሞ እንደ ቅጠል ነጣ ያሉ ምልክቶች አሏት፣ እናቷ ለምጽ እንዳይሆን ብለው ሲፈሩት ኖረዋል።

ዶክቶራ ወንበሯ ላይ ተደገፈች። "ይህንን ሁሉ ሆስፒታሏ ሄዳ ትናገር። ኩላሊቷ ላይ ያለው ነጠብጣብ ምን እንደሆነ በሲቲ ይታይላት። ፓቶሎጂውን ደግሞ ኤችኤምቢ 45 ሠርታችኋል ወይ ብላ ትጠይቅ" አለችኝና በወረቀት ጻፈችልኝ።

ኤችኤምቢ 45 ምን መሰላችሁ? ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር አለ፣ ጥቁር ቀለም ከሚያመርቱት ሴሎች የሚነሳ። እሱን ለመለየት የተሠራ ማቅለሚያ ነው፤ ሴሉ ላይ ከተጣበቀ ቡናማ ይሆናል። የሚገርመው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህ ማቅለሚያ ከቆዳ ጋር ምንም በማይገናኝ በኩላሊት ዕጢ ላይም ሲጣበቅ ተገኘ። አንጂዮማዮላይፖማ ይባላል ዕጢው። ስሙ አያስፈራችሁ፣ ሦስት ቃል ተገጣጥሞ ነው፦ የደም ሥር፣ ጡንቻ፣ ስብ። ሦስቱም አንድ ላይ ያሉበት ዕጢ ማለት ነው። ሴሎቹ ግማሽ ጡንቻ ግማሽ የቀለም ሴል ዓይነት ጠባይ አላቸው። እንዲህ ያለ ሴል በጤነኛ ሰውነት ውስጥ የት እንደሚኖር እስካሁን ያገኘው ሰው የለም አለችኝ፣ ዕጢው ውስጥ ብቻ ነው የሚታየው።

ያሳየችኝ መስታወትም እሱው ነበረ፣ የጉበት። ዳር ላይ ጤነኛው ጉበት አለ፣ በረድፍ የተደረደረ። ከዚያ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ጥምዝምዝ የደም ሥሮች፣ በዙሪያቸው እንዝርቶቹ፣ እዚህም እዚያም ባዶ ክብ የሚመስሉ የስብ ሴሎች። ስቡ በአልኮሉ ጊዜ ታጥቦ ስለሚወጣ ነው ባዶ የሚመስለው። ኩላሊት ላይ ሲወጣ ስቡ ስለሚበዛ ብዙ ጊዜ ያለ መርፌ በሲቲ ብቻ ይታወቃል። ጉበት ላይ ግን ስቡ አንዳንዴ ጭራሽ አይኖርም፤ ጡንቻው ብቻ ይጎላል፣ ወይም ሴሎቹ ድቡልቡል ብለው የጉበት ካንሰር ይመስላሉ። በመርፌ የወጣው ቁራጭ ስብ የሌለበትን ቦታ ብቻ ከነካ ደግሞ ጨርሶ ያደናግራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወረቀት የጻፈውን ሰው ዶክቶራ አልወቀሰችውም። "አላውቅም፣ ጨምሩልኝ ብሏል፣ እንደዚህ የሚል ሰው ጥሩ ነው" አለች። የሚያስፈራት ቸኩሎ ስም የሚሰጠው ነው።

እህታችን ወረቀቱን ይዛ ሄደች። ለሐኪሙ ስለሚጥላት ነገር መናገር ከመርፌው በላይ ከብዷት ነበር፣ ማዳሟ አጠገቧ ቁማ ስለነበር። እንድትወጣላት ጠየቀች። በሕይወቴ ከሰማሁት የእሷ ድፍረት ይኼ ይበልጣል። ሐኪሙ ሰማትና ፊቷን በብርሃን አየው፣ ጥፍሮቿንም ሳይቀር አየ።

ሲቲው ሲነሳ በሁለቱም ኩላሊቶቿ ስብ ያለባቸው ዕጢዎች ታዩ፣ ትልቁ ግራ ላይ፣ አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል። የጉበቷ ናሙና ማቅለሚያ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ብረት ምጣድ ላይ እንዳለች ነው የኖረችው። ማዳሟ ሌላ ሠራተኛ እያፈላለገች መሆኗን ሰምታለች፣ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አስቀምጣለች።

ውጤቱ መጣ። ኤችኤምቢ 45 ተጣብቋል። የጡንቻው ማቅለሚያም ተጣብቋል። የጉበት ሴል ማቅለሚያ አልያዘም፣ ሲዲ 117 አልያዘም። የሚከፋፈል ሴል የለም ማለት ይቻላል፣ የሞተ ሥጋም የለም። የጉበት አንጂዮማዮላይፖማ። ካንሰር አይደለም። ስትደውልልኝ የተናገረችው ምንም አልገባኝም፣ ልቅሶና ሳቅ ነው የሰማሁት። እኔም ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ማንም ለምን ታለቅሻለሽ አላለኝም።

ግን አላለቀም። ፊቱ፣ መጣሉ፣ ነጭ ምልክቱ፣ ኩላሊቱና ጉበቱ አንድ በሽታ ናቸው። ቱበረስ ስክሌሮሲስ ይባላል፤ ቡርንቪል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1880 እ.ኤ.አ. ነው የጻፈው። ሁለት ጂኖች አሉ፣ አንዱ ዘጠነኛው ሌላው አሥራ ስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ፤ ሥራቸው ሴል ከልክ በላይ እንዳያድግ ፍሬን መያዝ ነው። አንዱ ሲበላሽ ፍሬኑ ይላላል፣ በየቦታው ዕጢ ይወጣል፤ ቆዳ፣ አንጎል፣ ኩላሊት፣ ጉበት። በሴቶች ላይ ሳንባንም ሊይዝ ስለሚችል የእሷም ደረት በሲቲ ታየ፣ ለጊዜው ደህና ነው። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ከመውሰዷ በፊት ግን ሐኪም እንድታማክር ነግረዋታል። ቡዳም ጋኔንም አልነበረም እንግዲህ። ሃያ ዓመት ሙሉ የቤተሰቡ ምስጢር ሆኖ የኖረው አንድ የላላ ፍሬን ነው።

የጉበቷን አይቆርጡትም፣ በየስድስት ወሩ ያዩታል። የሚያሳስባቸው የኩላሊቷ ነው፤ ካንሰር ባይሆንም የደም ሥሮቹ ደካማ ስለሆኑ ከአራት ሳንቲ ሜትር ሲበልጥ ሊፈነዳና ውስጥ ሊደማ ይችላል። ድንገት ወገቧን ከቆረጣት፣ ራሷን ካዞራት፣ ሽንቷ ደም ከመሰለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል እንድትሄድ ታዛለች፣ እኔም ተነግሮኛል። ኤቨሮሊመስ የሚባል ኪኒን አለ፣ ለዚህ በሽታ ኩላሊት በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ፣ ዕጢውን ያሟሽሻል። አፍ ያቆስላል። ዋጋው ደግሞ የእኛን ደመወዝ አትጠይቁት። ከኢንሹራንሱ ጋር ያለው ንትርክ እስካሁን አላለቀም፣ አንድ ወረቀት ሲሄድ ሌላ ወረቀት ይጠየቃል። ማዳሟ ግን "ካንሰር አይደለም" ሲባል ሻንጣውን ወደ ቦታው አስመለሰቻት። ጥሩነት ነው ወይስ አዲስ ሠራተኛ ውድ ሆኖባት፣ እኔ እንጃ።

አሁን የሚያስጨንቃት ልጇ ናት። ይህ በሽታ ካለባት እናት ለልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ልጅቷ ጥሏት አያውቅም፣ ትምህርት ቤትም ጎበዝ ናት። ባለፈው አርብ በኢሞ ደውለን አያቷ በፀሐይ ብርሃን ቆዳዋን እንዲያዩላት ጠየቅናቸው። ጀርባዋ ላይ አንድ፣ እግሯ ላይ አንድ ነጣ ያለ አገኙ። ዶክቶራ እንዳለችው አንድ ሁለት ነጭ ምልክት ጤነኛ ልጅም ላይ ይገኛል፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው እንደ ምልክት የሚቆጠረው። በዓይን የማይታይ ሊኖር ስለሚችል ሐኪም በልዩ ብርሃን ማየት አለበት፣ ኩላሊቷም በአልትራሳውንድ። እናትየዋ ለጉዞ የሚሆን ብር ልካለች፣ አያቷ በሚቀጥለው ወር ደሴ ይዘዋት ይወርዳሉ፣ ካስፈለገም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ።

ከእናንተ መካከል ልጅ የሚጥላትን ወይም እንደዚህ ያለ ነጭ ምልክት ያለበትን ልጅ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ያሳየች ካለች፣ የትኛው ክፍል ካርድ እንደሚወጣና ስንት ቀን እንደሚያስጠብቅ ከሥር ጻፉልኝ። ለእሷ አነብላታለሁ፣ ስልኳን ማዳሟ ማታ ነው የምትሰጣት።